የካባው ማሚቶ

«ሞተሩን አንዴ አጥፊልኝ» አለ አባዬ ከጉሙ ውስጥ።

ኤክስካቫተሩን አጥፍቼ በመስኮቱ ብቅ አልኩ። በትሩን እያንኳኳ በድንጋይ ካባው ወለል ላይ ይመጣል። ጉሙ ከወገቡ በታች ስለዋጠው በውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ማንም አልመራውም። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ድንጋይ የፈለጠበት ቦታ ነው፤ ዘግይቶ የፈነዳ ደማሚት ዓይኖቹን የወሰደበትም እዚሁ ነው።

«አባዬ፣ ምነው ብቻህን? ብትወድቅስ?»

«የት እወድቃለሁ? ገደሉን ሁሉ ሞልታችሁት የለ!»

እውነቱን ነው። ካባው ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ደረጃ በደረጃ ስንሰብር፣ ድሮ ከኮረብታው ላይ ተገፎ ዳር የተከመረውን አፈር መልሰን ስናለብሰው ከርመናል። በላዩ የምንተክላቸው ችግኞች ደርሰው ይጠብቁናል። የቀረችው አንዲት ጥግ ናት፤ ቁመቷ ሦስት ሰው ቢያህል ነው።

«እሷን ተዉልኝ» አለ።

ለምን እንደሚፈልጋት አውቃለሁ። ድሮ እናቴ ምሳ ይዛለት ስትመጣ እዚያች ጥግ ፊት ቆሞ «ሸጋዬ!» ብሎ ይጣራ ነበር። ድንጋዩም ተቀብሎ «ጋዬ… ጋዬ…» ይላል። እናቴ ታዲያ «ይቺ የገደል ማሚቶ ባሌን ልትቀማኝ ነው» እያለች ትስቃለች። ከቀበርናት ሦስት ዓመት ሆነ። እሱ ግን በሳምንት አንዴ እዚህ መምጣቱን አልተወም።

«አባዬ፣ ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ላሟን ልትመልስ ብላ የወደቀችው ከዚችው ጥግ አናት ላይ ነው። እስከ ዛሬ በክራንች ነው የምትሄደው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስትወድቅ ጩኸቷን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት።»

ወደ ጥጓ ዞረ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሸጋዬ!»

«ጋዬ… ጋዬ…» አለ ድንጋዩ። ድምፁ በጉሙ ውስጥ ለስልሶ ሲመጣ የድንጋይ አይመስልም ነበር። ምን ይደበቃል፣ እኔም ሰው የመጣ መስሎኝ ዞር ብዬ አይቻለሁ።

«በይ ልጄ» አለኝ። «ሥራሽን ሥሪ።»

ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ አፈሩን እየዛቅኩ ጥጓ ሥር ቆለልኩ፤ ጉልበቷን፣ ወገቧን፣ አንገቷን ሸፈንኩ። እጄ መሪውን ይዞ ልቤ ግን እሱ ዘንድ ነበር። ቀትር ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ከዓይን ጠፋ፤ በቦታው ቡናማ ተዳፋት ተኛ።

ወርጄ አጠገቡ ስደርስ ተነሥቶ እንደገና ተጣራ። ድምፁ ሄደ፤ አልተመለሰም። ላጽናናው «አባዬ…» ስል እጁን አነሣ።

«እሽ! ዝም በይ።»

ካፊያ ጀምሮ ነበር። በዚህ ካባ ዝናብ ሲጥል እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲንጫጫ፣ ጎርፉ ሰፈራችን ድረስ ሲንደረደር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አሁን ግን ጠብታው ከአፈሩ ጋር የሚንሾካሾክ ይመስላል። አባዬ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ተዳፋቱ አዘነበለ።

«ስሚ» አለ ቀስ ብሎ። «እየጠጣ እኮ ነው።»

ጫማውን አወለቀና እየዳሰሰ ተዳፋቱ ላይ ወጣ። እግሩ አዲሱ አፈር ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ፤ አላወጣውም።