የከበደችው ቁልፍ

መካኒኩ የሚስትየዋን መኪና የቁልፍ ማስገቢያ ፈትቶ መዳፉ ላይ ገለበጠው።

«ጋሼ፣ ባትሪውም ሞተሪኖውም ደህና ነው። አልነሳም ያሰኛት ይሄ ነው። ይህን ሁሉ ቁልፍ እያንጠለጠሉበት ውስጡ ተበልቷል።»

ባልየው የሚስቱን ቁልፎች ተቀብሎ አንድ በአንድ ያይ ጀመር። የግቢው በር፣ የሱቋ፣ የቁም ሳጥኑ። አንዷን ግን አያውቃትም። አዲስ ናት፤ ገና ታብለጨልጫለች።

ደሙ ፈላ። ቅዳሜ ቅዳሜ «ለቅሶ ልድረስ» እያለች የምትጠፋው ለካ ወዲህ ነው! ስንት ሰው ቢሞት ነው በየሳምንቱ ለቅሶ? በሩን ከፍታ ስትገባ የሚጠብቃት ሰውዬ መልኩ ሳይቀር ታየው፤ ረጅም፣ ጠጉሩን የሚቀባ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ። ቆይ፣ ቤት እንግባ ብቻ፣ ታወጣታለች!

ሚስቱ ጥላው ሥር ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

መካኒኩ አዲሱን ማስገቢያ ገጥሞ ሞተሩን አስነሳ። «አሮጌውን የመኪና ቁልፍ በአዲሱ ልቀይርላችሁ፤ የእርስዎንም ይስጡኝ።»

ባልየው የራሱን ቁልፎች ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። መካኒኩ የሁለቱንም ኮፈኑ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ አዲሷ እኮ የእርስዎም ላይ አለች። ጥርሳቸው አንድ ነው።»

ባልየው አየ። የእሱ ላይ ያለችው፣ ለውሽማው ለቤዛ ገርጂ በድብቅ የተከራየላት ክፍል ቁልፍ ነበረች።

«የእኔን አውጣልኝ፣ ወንድሜ» አለች ሚስቱ፣ ከጥፍሯ ቀና ሳትል። «ከብዳኛለች።»