የዘይነባ እጅ

«ጎረቤት ክለቦች የሦስት አጥቂ እግር አዛወሩ አሉ» ይላል ከሩጫ ስፖርት ወደ ሴቶች እግር ኳስ ቡድናችን የመጣው አሠልጣኛችን ተካልኝ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ በየቀኑ። ችሎታን ከሰው ወደ ሰው ማዛወር ከተፈቀደ ወዲህ ወሬው ሁሉ ይኸው ነው። የሰጠ ሰው ግን መልሶ አያገኘውም።

«ወሬውን ተወውና የራሳችንን ጉድለት እይ» አልኩት። እኔ የቡድኑን ውጤት በቁጥር የምገመግም ነኝ፤ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ቁጥር ማንበብን ግን ያለ አስተማሪ ተምሬ በዲግሪያቸው የሚኮፈሱትን አስከነዳለሁ። ልጆቹ እርስ በርስ ባደረጓቸው የልምምድ ጨዋታዎች በረኛችን መክሊት ሰባት ጎል ገብቶባታል። «በረኛ የለንም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። መክሊት ተሰናበተች።

ችሎታ የሚሰጠን በረኛ ከየት ይምጣ? ጉልበቷ ተጎድቶ በረኝነት ያቆመችው ታላቅ እህቴ ዘይነባ ነበረች። ለመንኳት፤ እሺ አለች። የእጇ ችሎታ ለአንዲት ረጅም ልጅ ተሰጠ።

ትናንት ልብስ ስናጥብ እንደ ልማዳችን ሳሙናውን ወረወርኩላት። ደረቷን መትቶ ወደቀ። ከልጅነታችን ጀምሮ የወረወርኩላት ነገር አንድም ቀን አምልጧት አያውቅም። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ለቀም አደረገችውና፣ «ለመሆኑ መክሊት ላይ ስንት ቢገባባት ነው የፈረድሽባት?» አለችኝ።

«ሰባት።»

«ያገቡባትስ እነማን ናቸው?»

«ሰባቱ አዲስ ፈራሚዎቻችን፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ።»

ዘይነባ ሳሙናውን አስቀመጠችው። «አንቺ ልጅ፣ አዲስ የመጣች ልጅ በልምምድ የመታቻትን የመጀመሪያ ኳስ በረኛ አውቃ ነው የምታሳልፍላት። እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ነው። ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል።»