ንፋስ የመታት ዶሮ

የዶሮ እርባታ ባለሙያው ሙቀት ዶሮን እንዴት እንደሚገድል ሊያሠለጥን ወደ አዋሽ እየወረደ ነው። አውቶቡሱ መተሐራን ሲያልፍ እንደ ምድጃ ጋለ፤ መስኮቱ ሁሉ ግን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ላብ ቢያጠምቀው አጠገቡ ያለውን አንድ ጣት ያህል ከፈት አደረገው።

"ኧረ ዝጋው! በንፋስ ልታስፈጀን ነው?" ብሎ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ አፍ ጮኸበት። ከጎኑ ያሉት ወይዘሮ ዘርትሁንማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ተከናነቡ። ዘጋው።

ጥቂት እንደሄዱ፣ ወይዘሮዋ እግራቸው ስር ያሰሯት ዶሮ ምንቃሯን ከፍታ ስታለከልክ ቆየችና ክልትው አለች።

"ሙቀት ነው የገደላት" አለ ባለሙያው።

"የምን ሙቀት?" አሉ ወይዘሮዋ ግንባራቸውን እየጠረጉ። "ቅድም የከፈትካት ቀዳዳ ናት የጨረሰቻት!"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ "ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል፤ ይቅርታ ጠይቃቸውና ይብቃ" ሲሉ ፈረዱ። ሊከራከር አሰበ፤ የከበበውን ፊት ሁሉ አየና ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ሥልጠናውን ሰጥቶ ሲመለስ፣ ከፊቱ የተቀመጠች ወጣት ወደ መስኮቱ እጇን ሰደደች። ከሰው ሁሉ ቀድሞ የጮኸው እሱ ነው፦

"ተይው እህቴ! እኔ ስሄድ በዚሁ ነው ዶሮ የገደልኩት!"