አራተኛው ትራክ

ግድግዳ ይመስክር የተባለ ዕለት ስንቱ ቤት ታመሰ! ከዚያ ወዲህ ሰው ሲገደል የቤቱ ልስን ይፋቅና ውስጡ የቀረው ድምፅ እንዲወጣ ስቱዲዮ ይገባል። ሰው የሰማውን ቢክድ ግድግዳ አይክድም።

ዛሬ የድምፅ ባለሙያዋ ስንዱ ጠረጴዛ ላይ የመጣው የየሺመቤት ሳሎን ልስን ነው። የሺመቤት ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ነበረች፤ ስንዱ ግን ይህን አጠገቧ ተቀምጦ ለሚያዳምጠው መርማሪ አልነገረችውም።

እንደ ልማዷ የተደባለቀውን ድምፅ በየትራኩ ለየችው። በአንደኛው ባልየው ይሳደባል። በሁለተኛው ዱላው ያርፋል፤ እንጨት ሲመታ ይጮሃል፣ ሥጋ ሲመታ ይታፈናል። በሦስተኛው የሺመቤት «የሰው ያለህ! ገደለኝ! ኡኡ!» ትላለች፤ ኋላ ደም አፏን ሲሞላው ቃሉ ጠፍቶ ጣሯ ብቻ ይቀራል።

በአራተኛው ሙዚቃ አለ።

«ይሄ ደሞ ከየት መጣ?» አለ መርማሪው።

«የጎረቤት ሬዲዮ ነው። ላጥፋው?»

«ቆይ! እሷ በጮኸች ቁጥር እኮ ይጨምራል። ሆን ብሎ የሚጨምረው ሰው አለ። በይ ከፍ አድርጊው።»

ስንዱ ጣቷን ከድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ላይ አነሳች። መርማሪው እጁን ዘርግቶ ራሱ ገፋው። ዘፈኑ ስቱዲዮውን ሞላው፤ ከዘፈኑ ሥር አንዲት ሴት ረጋ ብላ «የባልና ሚስት ጠብ ነው፤ ነገ ይታረቃሉ» ስትል ተሰማች።

መርማሪው ቀስ ብሎ ወደ ስንዱ ዞረ።

«እስቲ አንቺ ድገሚው» አላት።