የፊት ክብደት

የትራክተሩ የፊት ጎማዎች እንደገና ከመሬት ይነሳሉ። ፍሪሲዮኑን ረግጬ ፍሬኑን እይዛለሁ፤ አፍንጫው ዱብ ብሎ ይመለሳል። ከኋላ፣ ተሳቢው ውስጥ ገዲሴ ትጮኻለች።

ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። አዋላጇ ከትናንት ጀምሮ «ሐኪም ቤት» ከማለት ሌላ ቃል የላትም። ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረምሶች፣ ባሏ ጭምር፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደዋል። ላፍቶ የቀረነው ሽማግሌዎችና ሴቶች፣ እንዲሁም ትራክተሩን የሚነዳ ሌላ ሰው ስለሌለ የተተውኩት እኔ ለሜሳ ነን። ወደ መንግሥት መጋዘን ላደርስ የጫንኩት የኮታ ጤፍ ላይ አስተኝተናታል። አማቷ እማማ ሞልቱ ጃንጥላ ይዘውላታል። ዝናቡ ጃንጥላ የሚሰማ ዓይነት አይደለም። ይህን ዳገት ከወጣን የመካኒሳ አስፋልት ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። አፍንጫው ላይ የሚንጠለጠሉ አራት ከባድ ብረቶች ነበሩ፤ ዳገት ላይ የፊቱን መሬት የሚያስይዙት እነሱ ናቸው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር መኩሪያ ለኮታው ሚዛን ድንጋይ ቢያጣ አስፈታቸው፤ ይኸው እህል ይመዝንባቸዋል። «ትራክተር የሚሄደው በሞተር ነው፣ በብረት አይደለም» አለኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የገዲሴ አማት አባባ ዋቅቶላ ወደ ኋላ እንዳንንሸራተት ከጎማው ስር ድንጋይ ሲወትፉ ቆይተው ቀና ይላሉ።

«ጤፉን ወደ ፊት እናምጣው።»

«ይርሳል አባባ። መኩሪያ አሻጥር ነው ብሎ ያሳስረናል።»

«ይሰረን።»

ካሉት ሦስት ጆንያዎች አንዱን ለገዲሴ ጀርባ ትተን ሁለቱን ጭቃ ለጭቃ እንጎትታለን። እንዴት ኮፈኑ ላይ እንዳወጣናቸው አላውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና ገመዱን ደግሜ እቋጥራለሁ። ማርሽ አስገብቼ እሞክራለሁ። ጎማው አሁንም ይነሳል፤ እንደ ቅድሙ አይደለም፣ ግን ይነሳል።

ወደ ተሳቢው ዘወር ብዬ ስመለስ ሽማግሌው ጆንያዎቹ ላይ ወጥተዋል።

«አባባ፣ ይውረዱ። ሰው ክብደት አይሆንም። የትራክተር ኮርስ ላይ መጀመሪያ ያስተማሩን ይህን ነው። ቢንሸራተቱ ጎማው ስር ነዎት።»

«ሌላ ምን አለህ?»

ማርሹን አስገባለሁ። ተስፋዬ ሁሉ አንድ ከሲታ ሽማግሌ ነው።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ገመዱን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። መንገዱን ጋርደውታል፤ የማየው እሳቸውን ብቻ ነው። ፊታቸው ከፍ ሲል ፍሪሲዮን፣ ዝቅ ሲል ነዳጅ። የማርሚታው ጭስ ጎናቸውን ይገርፋቸዋል፤ አይሳሉም፣ አይንቀሳቀሱም። እኚህን ሰው ልገድላቸው ነው እላለሁ በሆዴ። ካቆምኩ ደግሞ ገዲሴን እገድላለሁ።

አንዴ በጣም ከፍ ይላሉ። ከኋላቸው ሰማይ ብቻ ይታየኛል። እማማ ሞልቱ ማርያምን ይጠራሉ። ረግጬ እይዛለሁ፤ ሽማግሌው ከነጤፉ ወደ ታች ይመለሳሉ፣ ጥርሳቸው ሲጋጭ እሰማለሁ።

«ንዳ» ይላሉ።

በመጨረሻ ጎማዎቹ ስር ጭቃው ያልቅና አስፋልቱ ይመጣል። አቆማለሁ። ሞተሩ ረገብ ሲል አንድ ነገር ይገባኛል፤ ገዲሴ ከጮኸች ቆይታለች። እማማ ሞልቱም ድምፅ የላቸውም። ዞር ብዬ ማየት አቃተኝ።

«አባባ፣ መንገዱ ሜዳ ነው። ይውረዱ።»

አይወርዱም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ተሳቢው ያያሉ። ዳገቱን ሁሉ ሲያዩ የነበረው ገዲሴን ነው። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ለመናገር ሁለት ጊዜ ይሞክራሉ።

«ዓይን ዓይኔን ታየኛለች» ይላሉ። «አታቁም። ንዳ።»