የቢላዋው መሳቢያ

ቤቶች የሰውን ህልም ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ቤቱ ያደረ ሰው በእንቅልፍ ልቡ የቤተሰቡን ሞት ከተመኘ፣ በማግስቱ የቢላዋው መሳቢያ አይከፈትም። የማን ህልም እንደሆነ ግን ቤቱ አይናገርም።

የመምህር ልሳነወርቅ መሳቢያ ከተቆለፈ ወር አለፈው። ዳቦውን በእጅ እየቆረሱ፣ ሽንኩርቱን በሙቀጫ እየወቀጡ ሰነበቱ። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ልጃቸው ኢዮስያስ ብቻ ናቸው።

መምህሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጥንት ግሪኮችን አሳዛኝ ተውኔት አስተምረዋል። ሳያውቅ አባቱን ስለገደለው ልዑል ሲያነሱ፣ «ሳያውቅ አትበሉ፤ ልቡ ታውቅ ነበር» ይሉ ነበር። አንዲት ተማሪ አንድ ቀን፣ «ሕፃን ሳለ እንዲሞት ተራራ ላይ ያስጣለውስ አባቱ አይደለም ወይ?» ብትላቸው፣ «እሱ ሌላ ነገር ነው» ብለው አለፏት።

ትናንት ልጃቸውን ጠርተው፣ «አክስትህ ዘንድ ሂድ» አሉት።

«አባዬ፣ እኔ እኮ በህልሜ አዝዬህ ወንዝ ስሻገር ነው የማየው።»

«ህልም እንደ ፈቺው ነው፣ ልጄ።»

ኢዮስያስ ጉልበታቸውን ስሞ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ።

መምህሩ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኝታ ቤታቸውን በር ሳይቆልፉ ብቻቸውን አደሩ። ጠዋት እያፏጩ ወጥ ቤት ገቡ። ትኩሱን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና የመሳቢያውን እጀታ ሳቡት።

አልተከፈተም።