የይርዳው ሙከራ

የሬሳ ሣጥን ነጋዴዋ ድረ ገጽ ሊሠሩላት ከመጡት ሦስት ባለሙያዎች ይርዳውን የመረጠችው፣ ሌሎቹ ደጅ ቆመው ሲያነጋግሯት እሱ ብቻ ደፍሮ ስለገባ ነው። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣ። ትንንሾቹ ጋ ሲደርስ ግን ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

"እነዚህስ ቢቀሩ፣ እትዬ?"

"ሞት ዕድሜ አይጠይቅም፤ አንሣቸው!"

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ድረ ገጹን ለመፈተሽ በራሱ ስም ሣጥን ያዝዛል፤ እሷም "ሙከራ ነው" እያለች ትሰርዛለች። ዓርብ ጠዋት ሌላ ትእዛዝ መጣ፦ "ይርዳው። ነጭ። ሰባ ሳንቲ ሜትር።" እንደ ልማዷ ሰረዘችና ደወለችለት።

"ሙከራህ ደርሶኛል። ጎሽ፣ የኔ ልጅ!"

ከወዲያ የሴት ዋይታ ይሰማል።

"እትዬ" አላት ቀስ ብሎ፣ "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"